ሜታዶን ለመጀመር እና ላለማቋረጥ፦ አሜሪካ ላላችሁ ወገኖች ዝርዝር መመሪያ

በእኛ ቤት ሱስ ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው ጫት፣ ሲጋራ ወይም መጠጥ ነው። ፈንታኒል እና ፐርኮሴት የሚባሉት ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች የሌላ ሰው ጣጣ ይመስሉናል። ግን ወገቡን ታሞ በሐኪም ትእዛዝ ክኒን የጀመረ አባትም፣ ከክፍል ጓደኛው ክኒን የተቀበለ ልጅም እዚያው አዘቅት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ያኔ ቤተሰብ ይደብቃል። ሰው እንዳይሰማ ይባላል። አገር ቤት እንላከው፣ ወይም ቆልፈንበት ይውጣለት የሚልም አይጠፋም።

ይህን የምጽፈው ሌላ መንገድ ስላለ ነው። ሜታዶን የእነዚህ ማስታገሻዎች እና የሄሮይን ሱስ የሚታከምበት መድኃኒት ነው። መጀመሩ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከባዱ መቆየት ነው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ትንሽ ሲሻለው «በቃህ፣ አሁን ድነሃል፣ ተወው» የሚለውን የቤተሰብ ምክር ነው። ስለዚህ መመሪያው ለታካሚውም፣ አብሮት ለሚኖረውም ነው።

ሜታዶን ምን ይሠራል?

ሄሮይን፣ ፈንታኒል፣ ሞርፊን፣ ፐርኮሴት ሁሉም ኦፒዮይድ የሚባል የአንድ ወገን መድኃኒቶች ናቸው። አንጎል ውስጥ የሚያርፉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ፈንታኒል ፈጥኖ ይገባል፣ ፈጥኖ ይለቃል። በየጥቂት ሰዓቱ ሐራራው ይነሳል፦ አጥንት ይቆረጥማል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ያልባል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ሜታዶንም እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል፤ ግን ቀስ ብሎ ይገባል፣ አንድ ቀን እና ከዚያ በላይም ይቆያል። ትክክለኛ ዶዙ ላይ የደረሰ ሰው አይደነዝዝም፣ ሐራራም አያሠቃየውም። ሥራው ይሄዳል፣ ልጁን ያሳድጋል።

«ታዲያ ይሄ ከድጡ ወደ ማጡ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱ እውነት ነው። ድንገት ቢቋረጥ ያማል። ሱስ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ትዳሩ እየፈረሰ፣ ገንዘቡ እያለቀ፣ ሞት እየታየውም መተው ሲያቅተው ነው ሱስ የሚባለው። በየማለዳው መድኃኒቱን ጠጥቶ ሥራ የሚገባ ሰው እዚያ ውስጥ የለም።

ነገሩ አዲስ ሙከራም አይደለም። ሜታዶን በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ለሱስ ሕክምና ያዋሉት በ1964 ኒው ዮርክ፣ ሮክፌለር በሚባለው የምርምር ተቋም ሥራውን የጀመሩት ዶክተር ቪንሰንት ዶል እና የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ማሪ ናይስዋንደር ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በብዙ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ሲደመሩ፣ ሜታዶን ላይ እያለ ሰው የመሞት አደጋው ሕክምናውን ካቆመበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች ነው።

ለዚሁ ሱስ የሚሰጠው ሰቦክሶን የሚባለው መድኃኒትም ጥሩ ነው፣ ከፋርማሲም ይገኛል። ለአንዳንዱ እሱ ይበቃዋል። ሰቦክሶን ሞክሮ ሐራራው ያልለቀቀው፣ ወይም ፈንታኒል ብዙ የወሰደ ሰው ግን ስለ ሜታዶን መጠየቅ አለበት።

ክሊኒክ መፈለግ

አሜሪካ ውስጥ ለሱስ የሚሰጥ ሜታዶን ከፋርማሲ አይገዛም። የሚሰጠው መንግሥት ፈቃድ በሰጣቸው ልዩ ክሊኒኮች ነው። የፌዴራል መንግሥቱ «ፋይንድ ትሪትመንት ዶት ገቭ» የሚባል ድረ ገጽ አለው። ዚፕ ኮድ ስታስገቡ ቅርብ ያሉትን ያሳያል። በስልክ ከፈለጋችሁ 1-800-662-4357 ነው፤ ነጻ ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል።

ስትደውሉ አራት ነገር ጠይቁ፦ መቼ ልትቀበሉኝ ትችላላችሁ? የእኔን ኢንሹራንስ ትወስዳላችሁ? ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ? የአማርኛ አስተርጓሚ አለ? ሰዓቱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዛት በየቀኑ ነው የምትመላለሱት። ብዙ ክሊኒኮች ሠራተኛ ከሺፍቱ በፊት እንዲደርስ ብለው ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ይከፍታሉ፣ ከዚያ እኩለ ቀን ሳይሞላ ይዘጋሉ። ከቤታችሁ ወይም ከሥራችሁ ራቅ ያለ «የተሻለ» ክሊኒክ ከምትመርጡ ቅርቡን ምረጡ። ሰው የሚያቋርጠው መንገዱ ሲሰለቸው ነው።

ክፍያውን የመንግሥት ኢንሹራንሶቹ ሜዲኬይድ እና ሜዲኬር ይሸፍናሉ። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በገቢው ልክ የሚከፍልበት መንገድ እንዳለ ይጠይቅ። አስተርጓሚውም ውለታ አይደለም፣ መብት ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በነጻ ማቅረብ አለበት። ዲሲ ደግሞ በ2004 ያወጣው የቋንቋ ሕግ አለው፣ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶችም ሰነዶቻቸውን ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ። እባካችሁ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። አባት በልጁ ፊት ስንት ጊዜ እንደወሰደ እውነቱን አይናገርም፣ ሐኪሙም በተሳሳተ ቁጥር ዶዝ ይወስናል።

የመጀመሪያው ቀን

መታወቂያ፣ የኢንሹራንስ ካርድ እና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነብልቃጡ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የዚያን ቀን መጠጥም ሆነ የእንቅልፍ ክኒን አትውሰዱ። ደንዝዛችሁ ከደረሳችሁ አይሰጧችሁም፣ ትክክልም ናቸው። ትንሽ ሐራራ ይዟችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

የሽንት ምርመራ አለ፣ ደም ይወሰዳል፣ ሐኪም ያነጋግራችኋል። ቀድሞ «ሱሱ አንድ ዓመት መሙላት አለበት» የሚል የፌዴራል ደንብ ነበር። በ2024 ተነሥቷል። ስለዚህ «ገና ነኝ» ብላችሁ አትጠብቁ። ምን እንደምትወስዱ፣ በምን መንገድ፣ መጨረሻ መቼ እንደወሰዳችሁ እቅጩን ተናገሩ። ይሉኝታ እዚህ ክፍል ውስጥ ይገድላል። ካሳነሳችሁ ትታመማላችሁ፤ ከጨመራችሁ ደግሞ ሰውነታችሁ የማይችለው ዶዝ ሊሰጣችሁ ይችላል። ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ የልብ ሕመም ካለባችሁ፣ ወይም በቤተሰባችሁ በድንገት የሞተ ወጣት ካለ ንገሯቸው። ሜታዶን የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል የልብ ምርመራ ያዙላችኋል።

የተናገራችሁት ከክሊኒኩ አይወጣም። የሱስ ሕክምና መዝገብ ከሌላው የሕክምና መዝገብ ይልቅ ጠበቅ ባለ የፌዴራል ሕግ ይጠበቃል። ያለ ጽሑፍ ፈቃዳችሁ ለአሠሪም፣ ለሚስትም፣ ለእናትም አይናገሩም። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ያለበት ሰው ግን የኢሚግሬሽን ቅጽ ከመሙላቱ ወይም ለኢሚግሬሽን የሕክምና ምርመራ ከመሄዱ በፊት ጠበቃ ያማክር።

መስኮቱ

መድኃኒቱ የሚሰጥበት ቦታ ባንክ ይመስላል። መስታወት አለ፣ ከኋላው ነርስ አለች። ስማችሁን እና የልደት ቀናችሁን ትጠይቃለች። «ትናንት እንዴት ዋልክ? አስተኛህ?» ትላለች። ይህ ጥያቄ ለወግ አይደለም፣ ዶዙ የሚስተካከለው በእሱ ነው። ከዚያ የሚለካው ማሽን በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ መድኃኒቱን ይቀዳል። ብዙ ጊዜ ቀይ ፈሳሽ ነው፣ የቼሪ ጣዕም አለው፣ ከስሩ መራራ ነው። ትጠጡታላችሁ፣ ኩባያውን በውኃ አለቅልቃችሁ እሱንም ትጠጣላችሁ። ከዚያ ታናግራችኋለች፣ መዋጣችሁን ለማየት ነው። ዶዛችሁ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ሁሌም እወቁ። ቁጥሩ ትናንት ከነገሯችሁ ከተለየ ሳትጠጡ ጠይቁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ሜታዶን ሰው የመግደል አደጋው እጅግ ከፍ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ነው። የ2024ቱ ደንብ እስከ 50 ይፈቅዳል፣ ከዚያ በላይ ሐኪሙ ምክንያቱን መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት። ብዙ ሰው በመጨረሻ የሚረጋጋው ከ60 እስከ 120 ባለው ውስጥ ነው። ታዲያ ለምን ቶሎ አይጨምሩልኝም?

በቁጥር እንየው። ሰውነቱ መድኃኒቱን በአንድ ቀን ወደ ግማሽ የሚያወርድ ሰው ሰኞ 30 ይጠጣል። ማክሰኞ ጠዋት 15 ያህሉ እዚያው አለ። 30 ሲጨምርበት 45 ይሆናል። ረቡዕ 52 ገደማ፣ ሐሙስ 56፣ ዓርብ 58። ዶዙ ምንም ሳይጨመር በሳምንቱ መጨረሻ ሰውነቱ ውስጥ ያለው እጥፍ ሊሆን ተቃርቧል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ከዚህም ቀስ ብሎ ነው የሚያወርደው። ሰኞ ማታ ሐራራ ስለተነሳበት ብቻ በራሱ ላይ ፈንታኒል ወይም የጓደኛ ሜታዶን የጨመረ ሰው ዓርብ ሌሊት ላይነቃ ይችላል።

ስለዚህ እነዚህን ቀናት ችላችሁ እለፉ። ጠዋት ጠጥታችሁ ማታ ከታመማችሁ ሰዓቱን ጻፉና ለነርሷ ንገሩ። «ደህና ነኝ» አትበሉ፤ የኛ ሰው እየተሠቃየም «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል፣ እነሱ ደግሞ ቃሉን እንዳለ ይጽፉታል። ዶዙ በየጥቂት ቀኑ በ5 ወይም በ10 ሚሊግራም ከፍ ይላል። ከ24 ሰዓት በፊት ሐራራ የማይነሳበት፣ ቀን ደግሞ የማያፈዝ ቁጥር እስኪገኝ ድረስ ተናገሩ። 40 ላይ ቆሞ እየታመመ «ትንሽ መውሰድ ይሻላል» የሚል ሰው ተመልሶ ወደ ፈንታኒሉ ይሄዳል። ዝቅተኛ ዶዝ ጀግንነት አይደለም።

እስክትረጋጉ መኪና ስትነዱ ተጠንቀቁ። ኡበር የምትሠሩ ሰዎች የሌሊት ሺፍቱን ለጊዜው ተዉት። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያላችሁ የፌዴራሉ የጤና መስፈርት ጠበቅ ያለ ስለሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

ናርካን ቤት ውስጥ ይኑር

ናርካን ኦፒዮይድ በዝቶበት ትንፋሹ እየቆመ ያለን ሰው የሚያነቃ፣ በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ነው። ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፣ ብዙ ክሊኒኮች እና ጤና ጣቢያዎች በነጻ ይሰጣሉ። ቤት ያለ ሰው ሁሉ የት እንደተቀመጠ ይወቅ። ታካሚው ለራሱ መርጨት አይችልም።

መድኃኒቱ የበዛበት ሰው ምልክቱ ይህ ነው፦ ሲጠሩት አይነቃም፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ያልተለመደ ከባድ ማንኮራፋት ወይም ጉሮሮው ውስጥ መንኮርኮር ይሰማል። በማንኮራፋቱ አትታለሉ። «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ተብሎ በር የተዘጋበት ሰው ብዙ ነው። ቀስቅሱት። ካልነቃ 911 ደውሉ፣ እንግሊዝኛ ከቸገራችሁ «አምሃሪክ» በሉ፣ አስተርጓሚ መስመር ላይ ያስገባሉ። በጀርባው አስተኙት፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀና አድርጉ፣ የናርካኑን ጫፍ አንድ አፍንጫ ውስጥ አስገብታችሁ እስከ መጨረሻው ተጫኑ። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ካልነቃ ሁለተኛውን በሌላው አፍንጫ ስጡ። ሲተነፍስ በጎኑ አዙሩት።

ቢነቃም አምቡላንሱን አትመልሱ። ናርካን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ እምብዛም አይሠራም፣ ሜታዶን ግን ቀኑን ሙሉ አለ። ተመልሶ ሊተኛ ይችላል። ፖሊስ ይመጣል ብላችሁም አትፍሩ። በዲሲ፣ በሜሪላንድ እና በቨርጂኒያ ለእርዳታ የደወለን ሰው የሚጠብቅ ሕግ አለ።

ከሌላ መድኃኒት ጋር

መጠጥ እና እንደ ዛናክስ ያሉ የጭንቀት ክኒኖች ከሜታዶን ጋር ሲደመሩ ትንፋሽ ያቆማሉ። ዛናክስ በሐኪም ታዞላችሁ ከሆነም በድንገት አታቁሙ፣ ሁለቱን ሐኪሞች አገናኙ።

አንዱ ግን በተለይ እኛን ይመለከታል። ከአገር ቤት የመጣ ብዙ ሰው የቲቢ ምርመራው ላይ «የተኛ ቲቢ አለብህ» ተብሎ ለአራት ወር ሪፋምፒን ይታዘዝለታል፣ ሽንት ብርቱካንማ የሚያደርገው ክኒን ነው። ሪፋምፒን ጉበት ሜታዶንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። በ90 ሚሊግራም ደህና የነበረ ሰው በጥቂት ቀናት ሐራራ ውስጥ ይገባል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ ሱሱም አላገረሸም። ከመጀመራችሁ በፊት ለክሊኒኩ ንገሩ፣ ወይ ዶዙ ይስተካከላል ወይ የቲቢው መድኃኒት ይቀየራል። ሪፋምፒኑ ሲያልቅም ንገሩ፣ ያኔ ዶዙ ካልቀነሰ ይበዛባችኋል። አንዳንድ የኤች አይ ቪ፣ የሚጥል በሽታ እና የፈንገስ መድኃኒቶችም ዶዙን ያዛባሉ። ጫት የምትቅሙ ከሆነም ሐኪሙ ይወቅ።

የሆድ ድርቀት የተለመደ ችግር ነው። ተልባ እና ብዙ ውኃ ይረዳሉ፣ ካልሆነ ማለስለሻ ጠይቁ። ማላብ እና የወሲብ ፍላጎት መቀነስም ይኖራሉ። ባሎች ይህን የመጨረሻውን ሳይናገሩ መድኃኒቱን ይተዋሉ። ተናገሩ፣ መፍትሔ አለው።

ነፍሰ ጡር ሴት ሜታዶንን አታቁም። ድንገት ማቋረጥ ለጽንሱም አደገኛ ነው። ሕፃኑ ሲወለድ የማቋረጥ ምልክት ሊያሳይ ይችላል፣ እሱ ይታከማል። ማጥባትም ይመከራል።

ጾም እና ጸበል

እምነት ለብዙዎቻችን ከሱስ የመውጫ ትልቁ ብርታት ነው፣ ማንም እንዲተወው አልመክርም። ግን መድኃኒት አቁሞ ጸበል የሚገባ ሰው በሁለት በኩል ይጎዳል፦ መጀመሪያ ሐራራው ይጥለዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ፈንታኒል ሲወስድ ሰውነቱ መልመዱን ስለተወ ሊሞት ይችላል። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒታቸው ጋር እንዲወስዱ አበረታተው ነበር። ለሜታዶንም የንስሐ አባታችሁን በዚሁ መንፈስ አነጋግሩ።

ጸበል ጠጥቶ ማስመለስ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ጸበሉን ሜታዶን እንደጠጣችሁ ወዲያው ሳይሆን ሰዓቱን ራቅ አድርጋችሁ ጠጡት። ካስመለሳችሁ ራሳችሁ አትድገሙ። ለክሊኒኩ ደውሉ።

በጾም ጊዜ ዶዝ አይዘለልም። ሕመምተኛ ነኝ ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ረመዳን የምትጾሙም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ ወደ ቤት የሚሰጣቸው ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ይችላሉ፣ ግን ሰዓቱን የምታዛውሩት ከነርሷ ጋር ተነጋግራችሁ ነው።

አንድ ቀን ካመለጠ

አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ በማግሥቱ የተለመደውን ዶዝ ትወስዳላችሁ። ሁለት ዶዝ በአንድ ቀን በፍጹም። ሦስት ቀን እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውነት መድኃኒቱን መልቀቅ ጀምሯል። ነርሷ ዶዙን ብትቀንስ እየቀጣቻችሁ አይደለም። ሆስፒታል ከተኛችሁ ወይም ከታሰራችሁ የክሊኒኩን ስም እና ስልክ ስጡ፣ ዶዛችሁን ያረጋግጣሉ።

ወደ ቤት የሚሰጥ ዶዝ

በፌዴራሉ ደንብ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት እስከ 7፣ ከ15ኛው ቀን እስከ 30ኛው ድረስ እስከ 14፣ ከ31ኛው ቀን በኋላ እስከ 28 ቀን የሚሆን ዶዝ ወደ ቤት መስጠት ይቻላል። ይህ ጣሪያው ነው። ስቴቱ ወይም ክሊኒኩ ከዚያ ሊያሳንስ ይችላል። አዲሱን ደንብ ጠቅሳችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ታካሚ መኖሩን ስለማያውቅ ብቻ በየቀኑ ይመላለሳል።

ቁልፍ ያለው ሣጥን ግዙ። ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡት። ቀይ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ሕፃን ጁስ ይመስለዋል። የአንድ አዋቂ የአንድ ቀን ዶዝ ሕፃን ይገድላል። ቤታችሁ ቡና የሚጠራበት፣ የጎረቤት ልጅ የሚሯሯጥበት ከሆነ ሣጥኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ይሁን። ለታመመ ጓደኛም አታካፍሉ። እሱን ሊገድለው ይችላል፣ እናንተን ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃችኋል፣ ዜግነት የሌለውን እስከ መባረር ያደርሳል።

አገር ቤት ስትሄዱ

አሜሪካ ውስጥ ሌላ ስቴት ከሄዳችሁ ክሊኒካችሁ እዚያ ባለ ክሊኒክ በእንግድነት እንድትወስዱ ያመቻቻል። አዲስ አበባ ከሆነ ግን ወራት ቀድማችሁ ጀምሩ። ሜታዶን በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። የሐኪም ደብዳቤ፣ ስማችሁ ያለበት የመድኃኒቱ የራሱ ጠርሙስ፣ እና ከኢትዮጵያ ኤምባሲ በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ያስፈልጋችኋል። በዱባይ የሚያልፍ ትኬት አትቁረጡ። አገሪቱ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፣ እንዲህ ላለ መድኃኒት ቅድመ ፈቃድ ትጠይቃለች። የምትቆዩት ከያዛችሁት ዶዝ በላይ አይሁን። ለቅሶ ቢደርስባችሁም ሳትይዙ አትሂዱ፣ ክሊኒኩ ለአስቸኳይ ጉዞ የሚሰጥበት መንገድ አለ።

መቼ ይቆማል?

የተቆረጠ ቀን የለም። ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ማቆም አይመከርም፣ ብዙዎች ለዓመታት ይቆያሉ፣ ዕድሜ ልክ የሚወስድም አለ። ቤተሰብ ቀኑን አይወስንም። ሠርግ ደረሰ፣ ፋሲካ ደረሰ ተብሎም አይቆምም።

ታካሚው ራሱ ከፈለገ፣ ቤቱ እና ሥራው ከተረጋጋ፣ ከሐኪሙ ጋር በወራት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል። መሀል ላይ ሐራራው ከተነሳ ቅነሳው ይቆማል፣ ካስፈለገም ዶዙ ይመለሳል። ካቆሙ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት እጅግ አደገኛ ናቸው፤ ድሮ የሚችለውን ያህል የወሰደ ሰው አሁን ሰውነቱ አይችለውም። ናርካኑን አትጣሉ፣ የክሊኒኩን ስልክም አታጥፉ። ካገረሸ በዚያው ሳምንት ደውሉ፣ መዝገባችሁ እዚያው ስላለ መመለሱ ከመጀመሪያው ቀን ይቀላል።